ከገንዲ በሬ እስከ ካንሰር ታማሚ

በ1970ዎቹ መጨረሻ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንቶኒ ሴራሚ የተባለ አሜሪካዊ የባዮኬሚስትሪ ተመራማሪ ከኒውዮርኩ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ተነሥቶ ኬንያ ገባ። የመጣው ከናይሮቢ ወጣ ብሎ ካቤቴ ላይ ወደሚገኘው ዓለም አቀፍ የእንስሳት በሽታዎች ምርምር ላቦራቶሪ ነበር። እዚያ ያያቸው ከብቶች በቆላ ዝንብ ተነድፈው በትሪፓኖሶማ የተያዙ ናቸው። የኢትዮጵያ ገበሬ ይህን በሽታ ገንዲ ይለዋል። በዲዴሳ፣ በአባይ፣ በኦሞና በባሮ ሸለቆዎች ከብት የሚያረባ ሰው ምልክቱን ለመለየት የእንስሳት ሐኪም አይጠብቅም። በሬው ሣር ፊቱ እያለ ይከሳል፣ ሽንጡ ይጎድላል፣ የጎድን አጥንቱ ከሩቅ ይቆጠራል፣ ፀጉሩ ይንጨፈረራል፣ በመጨረሻም ቀንበር መሸከም አቅቶት ይተኛል።

ሴራሚን ያስገረመው ሌላ ነገር ነው። ክፉኛ የከሱት ከብቶች ደም በማይክሮስኮፕ ሲታይ ተሕዋሱ የሚገኘው እጅግ በጥቂቱ ነበር። በዓይን የማይታዩ ጥቂት ተሕዋስያን ይህን ሁሉ ሥጋ ሊጨርሱ አይችሉም። ታዲያ የበሬውን ሥጋ ማን በላው?

ካንሰር የሚያክሙ ሐኪሞች ይህንኑ ጥያቄ ሲጠይቁ ኖረዋል። ከመልሱ አንዱና ዋነኛው ክፍል የተገኘውም የገንዲ ከብት ካስነሣው ጥያቄ ነው። የካንሰር ሕክምና ታሪክ ሲወራ ይህ የአፍሪካ ምዕራፍ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ አለአግባብ ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት የኖረው የግሪኩ ሐኪም ሂፖክራተስና ተከታዮቹ በተዉአቸው ድርሳናት ውስጥ ሥጋው እየቀለጠ የሚሄድ ታማሚ በደንብ ተሥሏል። ሆዱና እግሩ ውኃ ቋጥሮ ያብጣል፤ ትከሻው፣ ደረቱና ጭኑ ግን ያልቃል። አፍንጫው ይሾላል፣ ዓይኑ ይጎደጉዳል። ያንን የፊት መልክ ሐኪሞች እስከ ዛሬ በሂፖክራተስ ስም ይጠሩታል፤ መመንመኑን ራሱን ደግሞ ከግሪክኛ በወረሱት ስም ካኬክሲያ ይሉታል። መልክ አይቶ ሞት መቅረቡን መናገር ለሁለት ሺህ ዓመታት የሐኪም ጥበብ ሆኖ ኖረ። ምክንያቱን መርምሮ ለማወቅ ግን መሣሪያው አልነበረም።

መሣሪያው በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሲገኝ ቀድሞ የመጣው ማብራሪያ ለማንም የሚገባ ዓይነት ነበር፤ ዕጢው ሌባ ነው። ያድጋል፣ ለማደግ ይበላል፣ የሚበላውም ከባለቤቱ ነው። በ1920ዎቹ በርሊን ውስጥ ኦቶ ዋርቡርግ የካንሰር ሕዋሳት ስኳርን በገፍ እንደሚጠቀሙ አሳየ። ይባስ ብሎ ኦክስጅን እያለ እንኳ ስኳሩን እስከ መጨረሻው አያቃጥሉትም፤ ግማሽ መንገድ ላይ ላክቲክ አሲድ አድርገው ያወጡታል።

ዋርቡርግ የሠራው ከሰውነት ተቆርጦ በወጣ ሥጋ ላይ ነው። ሕይወት ባለው አካል ውስጥስ? ይህን ለማየት የተነሡት ፕራግ ተወልደው ወደ አሜሪካ የተሰደዱት ባልና ሚስት፣ ካርል ኮሪ እና ጌርቲ ኮሪ ናቸው። በኒውዮርክ ግዛት ቡፋሎ ከተማ በሚገኝ የካንሰር ምርምር ተቋም ተቀጥረው ሳለ በ1925 ያሳተሙት ሙከራ በቀላልነቱ ያስደንቃል። በአንደኛው ክንፏ ላይ ዕጢ ያለባት፣ ሌላው ክንፏ ግን ጤነኛ የሆነ ዶሮ ወሰዱ። ከሁለቱም ክንፎች ከሚመለሰው ደም ቀድተው ጎን ለጎን መረመሩት። ዕጢ ካለበት ክንፍ የመጣው ደም ስኳሩ ቀንሷል፣ ላክቲክ አሲዱ ጨምሯል። ማወዳደሪያ የምትሆን ሌላ ዶሮ አላስፈለገም፤ ግራና ቀኟ ለማወዳደር በቂ ነበር።

ላክቲክ አሲዱ የት ይሄዳል የሚለውንም የመለሱት እነሱ ናቸው። ጉበት ከደም ይለቅመውና መልሶ ስኳር ያደርገዋል፤ ያ ስኳር ተመልሶ ወደ ደም ይገባል። ይህ ዙር ዛሬ በስማቸው የኮሪ ዑደት ይባላል። ጤነኛ ሰው ሲሮጥ ጡንቻውና ጉበቱ ይህንኑ ያደርጋሉ። ካንሰር ያለበት ሰው ግን አልጋ ላይ ተኝቶም ዑደቱ ይዞራል። ሒሳቡ ደግሞ ኪሳራ ነው፤ ዕጢው ከአንድ የስኳር ሞለኪውል ኤቲፒ የሚባለውን የኃይል መመንዘሪያ 2 ብቻ ያገኛል፣ ጉበት ስኳሩን መልሶ ለመሥራት 6 ያወጣል። ጌርቲ ኮሪ በ1947 ከባሏ ጋር ኖቤል ስትሸለም በሕክምናው ዘርፍ ሽልማቱን የወሰደች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

ከዚህ ዑደት አንድ አሳዛኝ ታሪክም ተወልዷል። በ1968 በሲራኪዩስ ከተማ የሚሠራው ዶክተር ጆሴፍ ጎልድ ዑደቱን ጉበት ላይ ብንቆርጠው መክሳቱ ይቆማል ብሎ ሃይድራዚን ሰልፌት የተባለ ርካሽ ኬሚካል አቀረበ። ሐሳቡ በወረቀት ላይ የሚያምር ነበር። ለሃያ ዓመት ከሚበልጥ ክርክር በኋላ፣ በ1994 የታተሙ ሦስት ጥናቶች መድኃኒቱን ከባዶ ክኒን ጋር አወዳድረው አንዳች ጥቅም አላገኙበትም፤ ክብደትም ዕድሜም አልጨመረም። ደጋፊዎቹ ሴራ ነው ብለው እስከ አሜሪካ ምክር ቤት አቤት አሉ፤ ውጤቱ ግን አልተቀየረም።

የሌባው ማብራሪያ ችግር ሒሳቡ አለመግጠሙ ነው። ዕጢው ተቆርጦ ሲመዘን አንድ ኪሎ ሳይሞላ፣ ታማሚው 15 ኪሎ ያጣበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም። የጣፊያ ጎረቤት የሆነው የቆሽት ካንሰር ገና ትንሽ ሳለ ሰውን ያከሳል፤ የጡት ካንሰር ደግሞ ብዙ ጊዜ ትልቅ ሆኖም ሴትየዋ ክብደቷ ላይቀንስ ይችላል። የመክሳቱ መጠን ከዕጢው መጠን ጋር አይሄድም። ቦስተን የነበረው ፓቶሎጂስት ሺልድስ ዋረን በ1932 በካንሰር የሞቱ 500 ሰዎችን አስከሬን መርምሮ ለሞታቸው የቅርብ ምክንያት የሆነውን ሲለይ በ22 በመቶዎቹ ላይ ያገኘው መመንመኑን ራሱን ነበር። በ1980 ደግሞ ዊሊያም ዴዊስና ባልደረቦቹ የ3,047 ታማሚዎችን መዝገብ አጥንተው፣ ኬሞቴራፒ ከመጀመራቸው በፊት ክብደት የቀነሱት ቶሎ እንደሚሞቱ አሳዩ። በጨጓራና በቆሽት ካንሰር ከተያዙት ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሕክምና ሳይጀምሩ ከስተው ነበር።

እንግዲያው ቢበሉስ?

ይህን ጥያቄ ከሐኪም ቀድሞ የሚጠይቀው ቤተሰብ ነው። በኢትዮጵያ ቤት ታማሚ ካለ አጥሚት ይሞቃል፣ ገንፎ ይገነፋል፣ የዶሮ መረቅ ይቀርባል። እናት ጉርሻ ይዛ «በሞቴ! አፈር ስሆን! ይቺን ብቻ» ትላለች። ታማሚው አፉን ይዘጋል ወይም ለእሷ ሲል ይውጥና ያስመልሰዋል። ጠያቂ ሲመጣ «እህል አልቀምስ ብሎ ነው እንዲህ የሆነው» ይባላል። ቃሉ የወጣው ከፍቅር ቢሆንም ጥፋቱን የጣለው በታማሚው ላይ ነው። ሳይንስም ለተወሰነ ጊዜ ከዚህች እናት የተለየ ነገር አላሰበም።

በ1960ዎቹ በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ስታንሊ ዱድሪክ የተባለ ወጣት ቀዶ ሐኪም ቡችሎችን በአፋቸው ምንም ሳያበላ፣ ለሰውነት የሚያስፈልገውን ሁሉ በትልቅ የደም ሥር እያስገባ አሳደገ። ቡችሎቹ እንደ እኩዮቻቸው ፋፍተው አደጉ። ግኝቱ አንጀታቸው የማይሠራ ሕፃናትን ከሞት አተረፈ፤ ይህ በሕክምና ታሪክ ትልቅ ቦታ ያለው ሥራ ነው። የካንሰር ሐኪሞችም ዘዴውን በጉጉት ተቀበሉት፤ ታማሚው መብላት ካልቻለ አፉን አልፈን በደም ሥሩ እንመግበው አሉ። ሚዛኑ አንዳንዴ ከፍ አለ፤ የጨመረው ግን በአብዛኛው ውኃና ስብ ነበር፣ ጡንቻው አልተመለሰም። ኢንፌክሽንም በዛ። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ1989 ባወጣው አቋም ኬሞቴራፒ ለሚወስዱ ታማሚዎች ይህን አመጋገብ እንደ ልማድ መስጠት እንዲቀር መከረ።

ምክንያቱ ረኀብን በሚያጠኑ ሰዎች እጅ ነበር። በ1944 እና በ1945 አንሴል ኪስ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ፈቃደኛ ወጣቶችን ለስድስት ወር በግማሽ ሆድ አኑሮ ተከታተላቸው። ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። ነገር ግን ሰውነታቸው ቆጣቢ ሆነ፤ የልብ ምታቸው ቀዘቀዘ፣ ሙቀታቸው ወረደ፣ ዕረፍት ላይ የሚያወጡት ኃይል በእጅጉ ቀነሰ። ሲበሉ ደግሞ ሥጋቸው ተመለሰ። በ1960ዎቹ ቦስተን ላይ ጆርጅ ካሂል ከቡድኑ ጋር ለሳምንታት የጾሙ ሰዎችን ሲያጠና፣ አእምሮ ከስብ በሚሠራ ኬቶን ወደ መጠቀም እንደሚዞርና ጡንቻ እየተቆጠበ እንደሚቆይ ተረዳ። የተራበ ሰው በመጀመሪያ ስቡን ያወጣል፣ ጡንቻውን የሚነካው ሲቸግረው ነው። የካንሰር ታማሚ ሰውነት ይህን ሥርዓት አያከብርም። ስብና ጡንቻ አብረው ያልቃሉ፣ ልብም ጡንቻ ነውና አብሮ ይሳሳል። ዕረፍት ላይ የሚወጣው ኃይልም መቀነስ ሲገባው አይቀንስም፤ እንዲያውም በብዙዎች ይጨምራል።

ታዲያ ሰውነት እንዲህ እንዲያደርግ የሚያዝዘው አንድ ነገር አለ ማለት ነው፤ ትእዛዙ የሚተላለፍበት መንገድም ደም ሳይሆን አይቀርም። በ1948 ዋሮ ናካሃራ እና ፉሚኮ ፉኩኦካ የተባሉ ጃፓናውያን ከዕጢ የወጣ ንጥረ ነገር ዕጢ በሌለባት አይጥ ጉበት ላይ ለውጥ እንደሚያመጣ ጽፈው ቶክሶሆርሞን ብለው ስም አወጡለት። ንጥረ ነገሩን አጥርቶ ማውጣት ግን ተቸገሩ። በ1985 የታተመ የአሜሪካ ሙከራ ይበልጥ የሚያሳምን ነበር። ሁለት አይጦች በቆዳቸው ተሰፍተው ጥቂት ደም ይጋራሉ፤ ዕጢ የተተከለው በአንዷ ብቻ ነው። ጤነኛዋ አይጥ በሰውነቷ አንዳች ካንሰር ሳይኖር መብላት ቀነሰች፣ ከሳች።

ወደ ሴራሚ እንመለስ። ኒውዮርክ ገብቶ ከብት ማርባት አይቻልምና ጥንቸሎችን በትሪፓኖሶማ አስያዘ። ተማሪው ካሮል ሩዘር ደማቸውን ስትመረምር በስብ ተጨናንቆ አገኘችው፤ እየከሱ ያሉ እንስሳት ደማቸው ውስጥ ስብ ሞልቷል። በ1980 ያወጡት ጽሑፍ ምክንያቱን አብራራ። ስብን ከደም አውጥቶ ወደ ሕዋስ የሚያስገባ ሊፖፕሮቲን ላይፔዝ የተባለ ኢንዛይም አለ፤ በታመሙት ጥንቸሎች ይህ ኢንዛይም ደክሟል። ምግቡ ደም ውስጥ እየዞረ ቤቱ አይገባም።

ኢንዛይሙን ያደከመው ተሕዋሱ ነው ወይስ የእንስሳው የራሱ አካል? ማሳኖቡ ካዋካሚ ከሴራሚ ጋር በ1981 ያሳተመው ሙከራ ይህን ለየ። የባክቴሪያ መርዝ የማይበግራቸው የአንድ ዝርያ አይጦች አሉ። መርዙ ሲሰጣቸው ኢንዛይማቸው አይነካም። መርዙ የሚሰማው ዝርያ ግን ከተወጋ በኋላ የደሙ ሴረም ተቀድቶ ለማይበገሩት ሲሰጥ ኢንዛይማቸው ወረደ። ስለዚህ ጎጂው ነገር መርዙ ሳይሆን አይጧ ራሷ ለመርዙ መልስ ብላ ያመረተችው ፕሮቲን ነበር። የሚያመርቱት ደግሞ ማክሮፌጅ የሚባሉት፣ ሰውነትን የሚጠብቁ ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። ሴራሚ ፕሮቲኑን ካኬክቲን አለው። የገንዲውን በሬ ሥጋ የጨረሰው የበሬው የራሱ ዘበኛ ሆኖ ተገኘ።

ብሩስ ቦይትለር የተባለ ወጣት ሐኪም ወደ ላቦራቶሪው ገብቶ ካኬክቲንን አጠራ፤ በ1985 የፕሮቲኑ ሥሪት ሲነበብ ቤቱ ሁሉ ተገረመ። ፕሮቲኑ ሌላ ስም ነበረው። ከሮክፌለር መንገድ ተሻግሮ ባለው የስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማዕከል፣ ኤሊዛቤት ካርስዌልና ሎይድ ኦልድ በ1975 በአይጥ ላይ ዕጢን የሚያከስም ንጥረ ነገር በሴረም ውስጥ አግኝተው ነበር። ቲዩመር ኔክሮሲስ ፋክተር፣ በአጭሩ ቲኤንኤፍ ብለውታል። ለካንሰር ፈውስ ይሆናል ተብሎ ብዙ ተስፋ የተጣለበት ነው። ከመንገዱ ወዲህ ታማሚን የሚያመነምን የተባለውና ከመንገዱ ወዲያ ካንሰርን የሚገድል የተባለው አንድና ያው ፕሮቲን ሆኑ።

ነገሩ ቀልድ ይመስላል፤ ሆኖም ሁለቱም ወገኖች ትክክል ነበሩ። ቲኤንኤፍ በ1980ዎቹ ለካንሰር ታማሚዎች ሲሰጥ ኃይለኛ ትኩሳትና የደም ግፊት መውረድ እያመጣ መድኃኒትነቱ ተሰናከለ። ቦይትለር ደግሞ እነዚያ መርዝ የማይሰማቸው አይጦች ምን ጎድሏቸው ነው የሚለውን ጥያቄ ሳይተው ቆይቶ በ1998 መልሱን አገኘ፤ በ2011 ኖቤል ካሸለሙት ሥራዎች ዋናው ይህ ነው። ካቤቴ የነበረው ላቦራቶሪም በ1990ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ ከነበረው የአፍሪካ የእንስሳት ሀብት ማዕከል ጋር ተዋሕዶ ኢልሪ የሚባለውን ዓለም አቀፍ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም ፈጠረ፤ ጉርድ ሾላ ያለው ግቢ የዚሁ ተቋም ነው።

ቀጣዩ እርምጃ ግልጽ ይመስል ነበር፤ ቲኤንኤፍን የሚያግድ መድኃኒት መስጠት። መድኃኒቱ ተሠራ፣ ለሩማቶይድ አርትራይተስ ታማሚዎችም እፎይታ ሆነ። ለካንሰር ታማሚ ሲሰጥ ግን አልሠራም። ኢታነርሴፕት በ2007፣ ኢንፍሊክሲማብ በ2010 በታተሙ ጥናቶች ከባዶ መድኃኒት አልተሻሉም። የሰው ካንሰር የሚያከሳው በአንድ ፕሮቲን ብቻ አይደለም። ኢንተርሉኪን-1፣ ኢንተርሉኪን-6 እና ሌሎችም አሉበት፤ አንዱ ሲታገድ ሌላው ሥራውን ይቀጥላል።

ስለዚህ ተመራማሪዎች ትእዛዝ ሰጪዎቹን አንድ በአንድ ከማሳደድ ይልቅ ትእዛዙ የሚፈጸምበትን ቦታ ማየት ጀመሩ። ጡንቻ ውስጥ ያረጀ ፕሮቲን ምልክት ተደርጎበት ፕሮቲያዞም በሚባል ማሽን ይፈጫል፤ ምልክት የሚደረግበትን መንገድ ያገኙት ሳይንቲስቶች በ2004 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመዋል። የሃርቫርዱ አልፍሬድ ጎልድበርግና ሌሎች እንዳሳዩት ይህ ዕለታዊ የጽዳት ሥራ በካንሰር፣ በስኳር በሽታና በኩላሊት መድከም ጊዜ ልጓሙን ይበጥሳል። በ2001 አትሮጂን-1 እና መርፍ-1 የተባሉ ሁለት ጂኖች ለዚህ ሥራ እንደሚነቁ ታወቀ፤ ጂኖቹ የሌሏቸው አይጦች ጡንቻቸው ቶሎ አይመነምንም። ስብም የራሱ ታሪክ አለው። በ2014 የታተሙ የቦስተንና የማድሪድ ጥናቶች በካንሰር የተያዙ አይጦች ነጩ ስባቸው ወደ ቡናማ ስብ እንደሚለወጥ አሳዩ። ቡናማ ስብ ኃይል አያጠራቅምም፤ እያነደደ ሙቀት ያደርገዋል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው በ2010 ከአምጀን ኩባንያ የወጣው የአይጦች ጥናት ነው። ጡንቻ እንዲያንስ የሚያደርገውን ምልክት በፕሮቲን አገዱት። ዕጢው እንደ ነበረው ማደጉን ቀጠለ፣ ስቡም ማለቁን አልተወም። ጡንቻና ልብ ግን ተመለሱ፤ አይጦቹም ረዘም ያለ ዕድሜ ኖሩ። ካንሰሩ ሳይነካ መመንመኑን ብቻ ማስቆም ዕድሜ ሊያስረዝም እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚናገር ማስረጃ በእንስሳ ላይ አልታየም።

የእናትየው ጥያቄ ግን እስካሁን አልተመለሰም፤ ለምን አይበላም? የሲድኒው ሳሙኤል ብሬት በ1997 ያገኘውና ዛሬ ጂዲኤፍ-15 የሚባለው ፕሮቲን መልሱን ይዟል። በ2007 ብሬትና ባልደረቦቹ ይህን ፕሮቲን የሚያመርት ዕጢ አይጦችን ምግብ እንደሚያስጠላቸው አሳዩ፤ ፕሮቲኑ በፀረ እንግዳ አካል ሲያዝ ግን እንስሳቱ መብላት ጀመሩ። ፕሮቲኑ የት እንደሚያርፍ ለአሥር ዓመት ሳይታወቅ ቆየ። በ2017 አራት ቡድኖች በየፊናቸው ተቀባዩን አገኙት፤ ያለው ከአንጎል በስተኋላ በኩል፣ ማቅለሽለሽና ማስመለስን በሚቆጣጠረው ሥፍራ ነው። የእርጉዝ ሴት ማቅለሽለሽም ከዚሁ ፕሮቲን ጋር የተያያዘ መሆኑ በ2023 ተረጋግጧል። በእርግዝናዋ የመጀመሪያ ወራት የወጥ ሽታ ያስሮጣትን ሴት «ለምን አትበዪም» ብሎ የሚቆጣት የለም። አልጋ ላይ ያለው የካንሰር ታማሚ ተመሳሳይ መልእክት አንጎሉ እየደረሰው፣ ሲቆጡት ይውላል።

በዚህ ሁሉ መሐል መርሳት የማይገባ ነገር አለ። የካንሰር ታማሚ ሲከሳ ሁሉም ካኬክሲያ አይደለም። በአርሲና በባሌ የሚበዛው የጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር መተላለፊያውን ይዘጋል፤ ያ ታማሚ መጀመሪያ የሚጎዳው በተራ ረኀብ ነው፣ ቧንቧው ከተከፈተለት ወይም በሌላ መንገድ ከተመገበ ይጠቀማል። የኬሞቴራፒ ማቅለሽለሽ፣ የአፍ ቁስል፣ ተቅማጥ፣ ድብርት፣ ያልታከመ ሕመም ሁሉ ክብደት ይቀንሳሉ፤ ሁሉም ደግሞ መድኃኒት አላቸው። የኤድንብራው ቀዶ ሐኪም ኬኔት ፊረን የመራው ዓለም አቀፍ ቡድን በ2011 ካኬክሲያን ሲተረጉም ዋናው ምልክት ጡንቻ ማጣት እንደሆነ፣ በተለመደው የምግብ ድጋፍ ብቻም ሙሉ በሙሉ እንደማይመለስ ጻፈ። መለኪያውም ሳይፈልጉ በስድስት ወር ከክብደት ከ5 በመቶ በላይ ማጣት ሆነ፤ አስቀድሞ ቀጭን ለሆነ ወይም ጡንቻው ለሳሳ ሰው ከ2 በመቶ በላይ ይበቃል።

ወደ መድኃኒቱ ስንመጣ ዝናው ከውጤቱ የበዛ ብዙ ነው። የረኀብ ስሜት የሚቀሰቅሰውን ግሬሊን የተባለ ሆርሞን የሚመስለው አናሞረሊን የጡንቻ ክብደት ጨምሯል፣ የእጅ ብርታትን ግን አልጨመረም። አውሮፓ በ2017 አልቀበልም ስትል ጃፓን በ2021 ፈቀደች። በ2024 የታተመው የፖንሴግሮማብ ጥናት የተሻለ ተስፋ ሰጥቷል። መድኃኒቱ ጂዲኤፍ-15ን የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ነው። የሳንባ፣ የቆሽትና የትልቁ አንጀት ካንሰር ካለባቸው 187 ሰዎች መካከል ከፍተኛውን መጠን የወሰዱት በ12 ሳምንት ባዶ መድኃኒት ከወሰዱት በ2.81 ኪሎ በልጠው ተገኙ። ሦስት ኪሎ አይሞላም፤ ግን ሚዛኑ ወደ ላይ ሄዷል።

ለኢትዮጵያ ግን ከሁሉ ይበልጥ የሚቀርበው ከደቡብ ሕንድ፣ ከፑዱቼሪ የመንግሥት ሆስፒታል የወጣው ጥናት ነው። ሐኪሞቹ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠውን፣ ክብደት በመጨመር የሚታማውን ኦላንዛፒን መረጡ። ኬሞቴራፒ ለሚጀምሩ 124 የጨጓራ፣ የጉበትና የቆሽት አካባቢ እንዲሁም የሳንባ ካንሰር ታማሚዎች በዕጣ ከፍለው ለግማሾቹ በቀን 2.5 ሚሊግራም ብቻ፣ ለቀሩት ባዶ ክኒን ሰጡ። በ2023 እንደታተመው፣ ከ12 ሳምንት በኋላ ክብደታቸው ከ5 በመቶ በላይ የጨመረው መድኃኒቱን ከወሰዱት 60 በመቶው፣ ካልወሰዱት 9 በመቶው ናቸው። የአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞች ማኅበር በዚያው ዓመት መመሪያው ውስጥ አስገባው። አዲስ ፈጠራ የለበትም፤ ርካሽና አሮጌ ክኒን ነው። እንቅልፍ ያመጣል፣ ከሌሎች መድኃኒቶችም ጋር ይጋጫልና ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድም።

ቤት ውስጥ የካንሰር ታማሚ ያለው ሰው ማድረግ የሚችለው ነገር ትንሽ ነው፣ ግን ይጠቅማል። ሚዛን ካለ በሳምንት አንድ ቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓትና ልብስ መዝኖ ቁጥሩን መጻፍ ነው። 60 ኪሎ የነበረ ሰው በስድስት ወር ውስጥ 57 ከወረደ ቀጠሮው እስኪደርስ ሳይጠብቁ ለሐኪሙ መንገር ይገባል፤ ቀድሞም ቀጭን ለነበረ ሰው ደግሞ ከዚያ ባነሰ ቅናሽ። የተጻፈውን ወረቀት ይዞ መሄድና «የሚያስመልሰው ነው ወይስ የማይፈልገው? ሕመም አለው? መዋጥ ይችላል?» የሚሉትን መልሶች አብሮ ማቅረብ ለሐኪሙ ግማሽ ምርመራ ነው። ጉርሻውን ታማሚው ሲፈልግ፣ በጥቂት በጥቂቱ፣ የሚወደውን መስጠት ይበቃል፤ እምቢ ካለም አይቆጡት።